ነፋስ፣ ብርድና ጭስ፦ በበረዶ ምድር ስለ ተሠሩ ሦስት ጎጆዎች

በአገራችን ቋንቋ «ጎጆ መውጣት» ማለት ትዳር ይዞ፣ ራስን ችሎ መኖር መጀመር ማለት ነው። ቋንቋችን የሰውን ሙሉ ሰውነት ከአንዲት ትንሽ ቤት ጋር አያይዞ መመልከቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ከነፋስ፣ ከዝናብና ከአውሬ የሚሸሸግባት ጠባብ ሥፍራ ከሌለችው፣ ሌላው ዕውቀቱና ሀብቱ ሁሉ ለአንዲት ሌሊት እንኳ ላያድነው ይችላል።

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ከሙያችን ታሪክ አንድ ርእስ መርጬ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ስለ ታላላቅ ግድቦች ወይም ስለ ረጃጅም ድልድዮች ለመጻፍ ይቻል ነበር። እኔ ግን ንድፍና ስሌት ያልቀደማቸውን፣ ሞት የመጣባቸው ሰዎች ከእጃቸው በገባ ነገር ብቻ የሠሯቸውን ሦስት ጎጆዎች መረጥሁ። ሁለቱ በምድር ሰሜናዊ ጫፍ፣ አንዱ በደቡባዊው ጫፍ አጠገብ የተሠሩ ናቸው። ከእኛ አገር አየር ጠባይ ጋር ምን ግንኙነት አላቸው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ መልሱን በጽሑፉ መጨረሻ ያገኘዋል። ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ጎጆ፦ ኖቫያ ዜምልያ፣ 1596

በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የኔዘርላንድ ነጋዴዎች ወደ ቻይናና ወደ ሕንድ የሚያደርስ አዲስ የባሕር መንገድ ይፈልጉ ነበር። በአፍሪካ ዙሪያ የሚያልፈው የደቡቡ መንገድ በፖርቱጋሎች እጅ ስለ ነበረ፣ በሰሜን በኩል በበረዶው ውቅያኖስ መካከል መተላለፊያ ይገኛል የሚል ተስፋ አደረባቸው። በ1596 ዓ.ም. ለዚሁ ጉዳይ ከተላኩት መርከቦች አንዷ ያኮብ ቫን ሄምስኬርክ የሚያዛት፣ ዊሌም ባረንትስ መንገድ የሚመራት ነበረች። በውስጧም 17 ሰዎች ነበሩ። ይህች መርከብ በኦገስት ወር መጨረሻ የኖቫያ ዜምልያን ሰሜናዊ ጫፍ ዞራ እንዳለፈች በምሥራቃዊው ጠረፍ በበረዶ ተያዘች። በረዶው ጎኗን ያስጨንቀው፣ ከፍ ዝቅ ያደርጋትም ጀመር። መርከበኞቹ ክረምቱን በውስጧ ለማሳለፍ እንደማይችሉ ተረድተው በየብስ ላይ ቤት ለመሥራት ቆረጡ።

በዚያ ምድር ዛፍ የሚባል ነገር አይበቅልም። ነገር ግን የሳይቤርያ ታላላቅ ወንዞች ከጫካ ነቅለው ወደ ባሕር የሚያወርዱት ግንድ በማዕበል እየተገፋ ከደሴቲቱ ዳርቻ ይከመር ነበርና፣ ሰዎቹ ይህን ባዩ ጊዜ አምላክ የላከላቸው መስሏቸው እጅግ ተደሰቱ። ግንዱን በሸርተቴ ጋሪ በበረዶው ላይ እየጎተቱ አመጡ። የሙያው ባለቤት የሆነው የመርከቡ አናጢ ግን የቤቱ ሥራ ገና ሳይያዝ በሴፕቴምበር 23 ቀን ሞተ። የቀሩት 16 ሰዎች የሚያውቁትን ያህል እየሠሩ ማዕዘኑን አቆሙ፤ ከመርከቢቱም ሳንቃ እየነቀሉ ግድግዳውንና ጣሪያውን ለበጡ። በጣሪያው ላይ ሸራ ዘረጉ፤ በቤቱ መካከል ምድጃ አደረጉ፤ ለጭስ መውጫም በርሜል ተከሉ። ሐኪማቸው ስለ ጤንነት አጥብቆ ስለ መከራቸው ከወይን ጠጅ በርሜል የገላ መታጠቢያ እንኳ ሠሩ። በኦክቶበር ወር ገቡበት።

ቤቱ በሚገባ የቆመ ነበር። ብርዱ ግን ከሚታሰበው በላይ ሆነ። ከተጓዦቹ አንዱ የነበረው ገሪት ደ ቬር በየቀኑ በጻፈው ማስታወሻ እንደሚነግረን፣ በግድግዳውና በመኝታቸው ላይ ሁለት ጣት ያህል ውፍረት ያለው በረዶ ይጋገር ነበር፤ እግራቸውን ወደ እሳት ሲያስጠጉ ሙቀቱ ሳይሰማቸው ካልሲያቸው ይቃጠል ነበር። በዲሴምበር 7 ቀን ብርዱ በጸና ጊዜ አንድ ሐሳብ ቀረበ። ይኸውም ከመርከቢቱ የድንጋይ ከሰል አምጥቶ ማንደድና ሙቀቱ እንዳያመልጥ በሩንም የጭስ መውጫውንም ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ነበር። እንዲሁ አደረጉ። ለብዙ ሳምንታት ያላገኙትን ሙቀት አገኙ፤ ደስም ብሏቸው እየተጨዋወቱ ቆይተው ተኙ።

ጥቂት ቆይቶ ራሳቸው ይዞር ጀመር። አስቀድሞ የተናገረው ከመካከላቸው በሽተኛ የነበረው ሰው ነው፤ የእርሱ ሰውነት ከሁሉ ይልቅ የደከመ ነበርና። ሌሎቹም ሊነሡ ቢሞክሩ ጉልበት አጡ። በመጨረሻ አቅም የቀራቸው እየተንፏቀቁ ሄደው የጭስ መውጫውንና በሩን ከፈቱ። በሩን የከፈተው ሰው ራሱን ስቶ በበረዶው ላይ ተዘረጋ፤ ደ ቬርም ኮምጣጤ አምጥቶ ፊቱን እየረጨ አነቃው። የውጭው አየር በገባ ጊዜ ሁሉም ነፍስ ዘሩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጠላታቸው አድርገው ይቆጥሩት የነበረው ብርድ በዚያች ሌሊት አዳኛቸው ሆነ።

ከ17ቱ ሰዎች 12ቱ በሚቀጥለው ዓመት ክፍት በሆኑ ሁለት ጀልባዎች ባሕሩን አቋርጠው በኖቬምበር 1597 አምስተርዳም ገቡ። ባረንትስ ራሱ በጉዞው መጀመሪያ ላይ በጁን ወር ሞቷል። ቤቱን ከዚያ በኋላ በ1871 ዓ.ም. ኤሊንግ ካርልሰን የተባለ ኖርዌያዊ የመርከብ አዛዥ ደረሰበት። ከ270 ዓመታት በላይ በበረዶ ተጠብቀው የቆዩት ዕቃዎች ዛሬ በአምስተርዳም ቤተ መዘክር ይታያሉ።

ሁለተኛው ጎጆ፦ ፍራንዝ ዮሴፍ ምድር፣ 1895

ፍሪትዮፍ ናንሰንና ያልማር ዮሐንሰን የተባሉት ኖርዌያውያን በማርች 1895 ፍራም ከምትባለው መርከባቸው ተለይተው በውሻ በሚጎተት ሸርተቴ ወደ ሰሜን ዋልታ ተጓዙ። በኤፕሪል ወር ከ86 ዲግሪ ጥቂት አልፈው፣ ከዚያ በፊት ሰው ደርሶበት ከማያውቀው ቦታ ከደረሱ በኋላ ወደ ደቡብ ተመለሱ። በኦገስት ወር ፍራንዝ ዮሴፍ ምድር ከሚባሉት ደሴቶች ደረሱ፤ ክረምቱ ግን ቀድሟቸው መጣ። ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ያላቸውም ዕቃ ጥቂት ነበር። ሳንቃ የሚነቀልበት መርከብ በአጠገባቸው አልነበረም፤ አካፋና ዶማም እንዲሁ።

ስለዚህም መሣሪያውን ራሱን መሥራት ነበረባቸው። የዋልረስን የትከሻ አጥንት በበረዶ መንሸራተቻ ዘንግ ላይ አስረው አካፋ አደረጉት። ዋልረስ የሚባለው ትልቅ የባሕር እንስሳ እንደ ዝሆን ጥርስ ያለው ነውና፣ ጥርሱን በእንጨት ላይ አስረው ዶማ አደረጉት። የሸርተቴውን እግር ደግሞ ድንጋይ መፈንቀያ አደረጉት። በዚህ መሣሪያ መሬቱን አንድ ሜትር ያህል ቆፈሩ፤ በጉድጓዱም ዙሪያ ድንጋይ ካቡ፤ በድንጋዩ መካከል ያለውን ክፍተት በአፈርና በገረንገሬ ሞሉት። ቤቱ ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ80 ያህል ነበር። ለጣሪያው ማዕበል የጣለውን አንድ ግንድ አግኝተው በመካከል አጋደሙት፤ በላዩም የዋልረስ ቆዳ ዘረጉ። ቆዳው በብርድ ደርቆ እንደ ሳንቃ ስለ ነበር አልታጠፍ ቢላቸው በባሕር ውኃ ነክረው አለሰለሱት፤ ነፋስም እንዳይገልበው በጫፍ በጫፉ ከባድ ድንጋይ አንጠለጠሉበት።

መግቢያው እንደ ዋሻ በምድር ሥር የሚያልፍ ዝቅተኛ መተላለፊያ ነበር። ይህ አሠራር ብልሃት ያለበት ነው። ቀዝቃዛ አየር ክብደት ስላለው ዝቅ ባለው ሥፍራ ይቀራል፤ ሞቃቱ ደግሞ ወደ ላይ ወጥቶ በቤቱ ውስጥ ይያዛል። ምድጃቸው የድብ ስብ ይነድበት ነበር፤ በምድጃው አናት በጣሪያው ላይ ቀዳዳ ከፍተው ከውጭ በበረዶ የተሠራ የጭስ መውጫ አቆሙ። የበረዶ የጭስ መውጫ ከእሳት በላይ ሲቆም እንደሚቀልጥ ማንም ያውቃል፤ እነርሱም ያውቁ ነበር። በቀለጠ ጊዜ እንደገና ይሠሩት ነበር እንጂ ቀዳዳውን አልደፈኑትም። ለመብራት ከሸርተቴው በተገኘ ቆርቆሮ ኩራዝ ሠሩ፤ ክሩንም ከቁስል መጠቅለያ ጨርቅ አወጡ። በቤቱ መካከል ሙቀቱ ውኃ ከሚረጋበት መጠን ያህል ነበር፤ በግድግዳው ላይ ግን አመዳይ ያንጸባርቅ ነበር። ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ሜይ 19 ቀን 1896 ድረስ፣ ስምንት ወር ያህል በዚያ ኖሩ። ሁለቱም በጤና ወጡ፤ ክብደትም ጨምረው ነበር።

ሦስተኛው ጎጆ፦ ኤሌፋንት ደሴት፣ 1916

የሦስተኛው ጎጆ ታሪክ በዓለም ላይ በሰፊው የታወቀ ነው። የአርነስት ሻክልተን መርከብ ኢንዱራንስ በደቡብ ዋልታ አጠገብ ባለው ባሕር በበረዶ ተጨፍልቃ በኖቬምበር 1915 ሰጠመች። 28ቱ ሰዎች ለብዙ ወራት በተንሳፋፊ በረዶ ላይ ከቆዩ በኋላ በሦስት ጀልባዎች በኤፕሪል 1916 ኤሌፋንት ከሚባለው ደሴት ደረሱ። ሻክልተን ከአምስት ሰዎች ጋር በአንዲቱ ጀልባ እርዳታ ፍለጋ ሄደ። ፍራንክ ዋይልድ የሚመራቸው 22 ሰዎች በደሴቱ ቀሩ። ድንኳኖቻቸው በነፋስ ተቀዳደው ነበር።

መጀመሪያ ያሰቡት በበረዶው ቁልቁለት ላይ ዋሻ መቆፈር ነበር። ነገር ግን የሰውነታቸው ሙቀት በረዶውን ስላቀለጠው ውኃ ይንጠባጠብባቸው ጀመር፤ ስለዚህ ተዉት። ከዚያም የቀሩትን ሁለት ጀልባዎች ቤት ለማድረግ ወሰኑ። ከአንድ ሜትር ጥቂት ከፍ ያሉ ሁለት የድንጋይ ካቦች ትይዩ አድርገው ሠሩ፤ ጀልባዎቹን ጎን ለጎን ገልብጠው በካቦቹ ላይ አስቀመጡ፤ በላያቸው ሸራ አለበሱ፤ ከድንኳን የቀረውንም ጨርቅ በዙሪያው ጋረዱ። ረኀብ ላደከማቸው ሰዎች እያንዳንዱን ድንጋይ ተሸክሞ ማምጣት ከባድ መከራ ነበር። ከጀልባዎቹ መቀመጫዎች ላይ አንዳንዶቹ እንደ ቆጥ ይተኙበት ነበር፤ ሌሎቹ ከታች ተኙ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የእንስሳት ስብ የሚነድበት ምድጃ ጭስ ዓይናቸውን አሳወራቸው፤ ፊታቸውን አጠቆረው። በኋላ ከመርከቡ መካኒኮች አንዱ የነበረው ኬር ከብስኩት ሣጥን ቆርቆሮ የጭስ መውጫ ሠራ። ብርሃን እንዲገባም ትንሽ መስኮት አበጁ። በረዶው በቀለጠ ጊዜ ደግሞ ውኃ ከወለሉ እየመነጨ ስላስቸገራቸው በቤቱ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው ውኃውን እየቀዱ ያፈስሱ ነበር።

ይህ ጎጆ በጁን 15 ቀን የቀዶ ጥገና ክፍልም ሆነ። የወጣቱ መርከበኛ የብላክቦሮ የግራ እግር ጣቶች በብርድ ሞተው ነበርና መቆረጥ ነበረባቸው። ያለው ማደንዘዣ ክሎሮፎርም ነው፤ ክሎሮፎርም ደግሞ በዚያ ብርድ በሚገባ አይተንም። ስለዚህ ምድጃው የቻለውን ያህል እንዲነድ ተደርጎ ቤቱ ሞቀ፤ ሐኪሞቹም ሥራቸውን በሰላም ፈጸሙ። በኦገስት 30 ቀን 1916 ሉዊስ ፓርዶ የሚያዛት የልቾ የምትባል የቺሌ መርከብ ሻክልተንን ይዛ ደረሰች። 22ቱም ሰዎች በሕይወት ተገኙ።

ሦስቱን ጎጆዎች ስናነጻጽር

እነዚህን ሦስት ቤቶች በመሐንዲስ ዓይን ብንመረምር፣ ሁሉም ሦስት ጠላቶች እንደ ነበሩባቸው እንረዳለን። እነርሱም ነፋስ፣ ብርድና ጭስ ናቸው።

የነፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ ፊት ለፊት በሚያገኘው እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 48 ኪሎ ግራም ያህል ይጫናል። ናንሰን ቤቱን መሬት ውስጥ በመቅበር፣ የዋይልድ ሰዎች ደግሞ ዝቅተኛና ክብ ጀርባ ያለውን ጀልባ ጣሪያ በማድረግ ነፋሱ የሚመታውን ገጽ አሳነሱ። ከነፋስ ጋር ትግል ከመግጠም ይልቅ ጎንበስ ብለው አሳለፉት።

ብርድን በተመለከተ ሦስቱንም የረዳቸው ያው የሚፈሩት በረዶ ነው። ደረቅ በረዶ በውስጡ ብዙ አየር ስለሚይዝ ከድንጋይ ይልቅ ሙቀትን የማሳለፍ ኃይሉ ከ10 እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። ቤቱን የቀበረው በረዶ ብርድ ልብሱ ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛው ጠላት ግን ከሁለቱ የተለየ ጠባይ አለው። ነፋስ ሲመጣ ይጮኻል፤ ብርድ ሲመጣ ያንቀጠቅጣል። ከሰል አየር አንሶት ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን መልክም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅንን ከሚሸከመው ንጥረ ነገር ጋር ከኦክሲጅኑ ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ነው፤ ሰውየው ሞቀኝ ብሎ ደስ እያለው ይሄዳል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ከሦስቱ ጎጆዎች በዕቃ የከበረው፣ ሳንቃው የተሟላው የባረንትስ ቤት ነው። ሌሎቹ በቆዳ፣ በተቀደደ ሸራና በተገለበጠ ጀልባ የተሠሩ፣ ከየቦታው የሚያፈስሱ ነበሩ። ነዋሪዎቹን በአንዲት ሌሊት ሁሉ ሊጨርስ የደረሰው ግን ያ ደኅናው ቤት ነው። ለመግደል የደረሰውም አንዳች ጉድለት ስለ ነበረበት ሳይሆን ተደፍኖ ስላለቀ ነው። የናንሰን የበረዶ የጭስ መውጫ በየጊዜው እየቀለጠ መሠራቱ ድካም ይመስላል፤ ነገር ግን ያ ድካም ለሕይወት የሚከፈል ዋጋ ነበር።

ይህን ርእስ ለምን መረጥሁ

ከዩኒቨርሲቲ በተመረቅሁ በሁለተኛው ዓመት በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ለመንገድ ቅየሳ ሥራ ተልኬ ነበር። የቡድኑ ኃላፊ እኔ ነበርሁ። ድንኳናችን በነፋስ ስለ ተቀደደ ከባሕር ዛፍ አጣናና ከላስቲክ መጠለያ ሠራን። ንድፉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ኮርቼበትም ነበር። ላስቲኩን ድርብ አደረግሁ፤ ጫፉን በአፈር ቀበርሁ፤ መግቢያውን በብርድ ልብስ ጋረድሁ፤ አንዳች ነፋስ እንዳይገባ ክፍተቱን ሁሉ ደፈንሁ። ወሩ ኅዳር ነበርና ሌሊቱን ውርጭ ወረደ። የከሰል ማንደጃውን ወደ ውስጥ አስገባንና አራት ሆነን ተኛን።

ከመካከላችን ሚራ ያዡ ልጅ ራሴን አመመኝ ብሎ ነበር፤ እኔ የከፍታው ነገር ነው ብዬ አለፍሁት። ያዳነን ዘበኛችን ነው። ሽማግሌው የውጭ እሳታቸው ጠፍቶባቸው ፍም ሊወስዱ መጥተው ቢጣሩ መልስ የሚሰጥ አጡ። መጋረጃውን ገንጥለው ጣሉና እያንዳንዳችንን በእግራችን ጎትተው አወጡን። አመዳይ በሸፈነው ሣር ላይ ተጋድመን ስናስመልስ ሳለን የተናገሩኝን ቃል አልረሳውም። «ልጄ፣ ከሰል ያለበት ቤት አይዘጋም። እናትህ አልነገረችህም?» አሉኝ። ነግራኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲም ስለ ቃጠሎና ስለ አየር ልውውጥ አስተምሮኝ ነበር። ሁለቱም ዕውቀት በዚያች ሌሊት በጭንቅላቴ ውስጥ ሳለ እጄ ግን ቀዳዳውን ሁሉ ደፈነ።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ባረንትስ ቤት ያነበብሁትና፣ የ1596ቱን ታሪክ እንደ ራሴ ታሪክ ያየሁት። አባቶቻችን የሠሩት የሣር ክዳን ጎጆ ጭሱን በሣሩ መካከል ቀስ በቀስ ያሳልፍ ነበር። ዓይንና ሳንባ አይጎዳም ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን ቤቱ ትንፋሽ ነበረው። እኛ ሣሩን በቆርቆሮና በላስቲክ ለወጥነው፤ ማንደጃውን ግን እንዳለ አስቀረነው። ትንፋሹን ወስደን እሳቱን ተውነው ማለት ነው።

የሙያ ባልደረቦቼን የምጠይቀው ይህንን ነው። የድልድይ ምሰሶን በሚሊ ሜትር እንለካለን፤ የኮንክሪትን ጥንካሬ በናሙና እንፈትናለን። ድልድዩን የሚሠሩት የቀን ሠራተኞችና የሚጠብቁት ዘበኞች ሌሊቱን የሚያድሩበት የላስቲክ ቤት ግን በማንም ንድፍ ላይ የለም። ለመጠለያው የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ጀርባውን ለነፋስ ይስጥ፤ ቁመቱ ዝቅ ይበል፤ ዙሪያውን የውኃ መውረጃ ቦይ ይቆፈርለት፤ ከታችና ከላይ ማንም ሊደፍነው የማይችል የአየር መግቢያና መውጫ ይኑረው፤ እሳትም ከመኝታው ውጭ ይሁን፤ ለሌሊቱም በቂ ብርድ ልብስ ይታደል። ይህ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ የሚነደፍ፣ በአንድ ቀን የሚሠራ ነው። ከሥራው ዕቅድ ጋር አብሮ ይነደፍ፤ ሥራው ከመጀመሩም በፊት ኃላፊው ራሱ ገብቶ ይመርምረው።

የባረንትስ ሰዎች በሩን ለመክፈት የሚንፏቀቅ ሰው ስለ ቀራቸው ተረፉ። እኛም ሽማግሌው እሳታቸው ስለ ጠፋባቸው ተረፍን። የሠራተኞቻችን ሕይወት ግን እንዲህ ባለ አጋጣሚ ላይ ሊንጠለጠል አይገባውም።